የሜሮን ማቆያና የኔ ሥራ ፈትነት

ተጽፎ ይቀመጥልኝ የምለው በደል አንድ ነው፦ ዕድሜዬን ሙሉ ጌሾ ስወቅጥና ብቅል ሳበቅል የኖርሁት ሴትዮ፣ በስተርጅና መንግሥት ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሥራ ፈት ተባልሁ። ሌላ ተበድዬ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ጎረቤቴ አጥሩን ወደኔ ግቢ ገፋ ያደረገበት ጉዳይም አለ። እሱን ግን ለጊዜው ይቅር ብዬዋለሁ። ለጊዜው ነው ያልሁት።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ዳዊቴን እደግማለሁ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን አነባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድሁም። ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ። ስሄድም እንዲሁ ነኝ፤ ጉልበቴ ነው።

ደግሞ ልቡ የሚሰቀል አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይረፍ፤ ነገሩ በሸጋ አልቋል። ይህን የምጽፈው ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ብቅሉም በሰላም ተኝቷል። ብቅል በሰላም መተኛቱ ምን ይደንቃል የሚል ሰው ሜሮንን አያውቃትም።

ሜሮን የልጅ ልጄ ናት። ቤታችን ማራኪ በሚባለው፣ ተማሪዎች ክፍል በሚከራዩበት ሰፈር ነው። እናቷ ብርቱካን፣ ልጄ ማለት ነው፣ በተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። አባቷ የከባድ ማኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገዱን አጥርቶ ያውቃል። ሲመጣ ሜሮን ታለቅሳለች፣ ሲሄድም ታለቅሳለች፤ በመካከሉ ብዙ ጊዜ የለም። ብርቱካን ገና ሳይነጋ ትወጣለች። እንግዲህ ቤት የምንውለው እኔ፣ ሜሮን፣ ጌሾውና ብቅሉ ነን። ከአራታችን ዝም ብለው የሚውሉት ሁለቱ ናቸው።

ጌሾ መውቀጥ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ቅጠሉ ደርቆ ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ አቧራው ይነሣል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ያሳክካል፣ እኔን እንኳ ይህን ሁሉ ዘመን ለምጄው ያስነጥሰኛል። ሜሮን ግን ከሙቀጫው ሌላ መጫወቻ አትፈልግም። አሻንጉሊት ብሰጣት አሻንጉሊቱን ወስዳ ሙቀጫ ውስጥ ትከታለች። አንድ ቀን ዘነዘናው ጣቷ አጠገብ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ እስክትተኛ እየጠበቅሁ እወቅጣለሁ፤ መውቀጥ ስጀምር ደግሞ በድምፁ ትነቃለች።

ብቅሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ገብሱን ዘፍዝፌ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኜ፣ ድንጋይ ጭኜበት ጓዳ አስተኛዋለሁ። ሞቆት እንዲበቅል መነካት የለበትም። አንድ ማለዳ ጓዳ ብገባ ሜሮን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውርዳ፣ ኮባውን ገልጣ፣ ከገብሱ ላይ ጋደም ብላለች። ሞቋታል። ስለሞቃትም ሽንቷን ለቃበታለች።

ብርቱካን ማታ ስትመጣ ነገርኋት። «እማዬ፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እኮ ማንም አያውቅም» አለችኝ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኋትና ሁሉንም ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ገበያ የሚያምነኝ በንጹሕ ብቅል ነው። ያን ጊዜ ሜሮን ከጎኔ ቆማ በጣም አዘነች፤ መኝታዋን የጣልሁባት መስሏት።

ብርቱካን ለኔ አዝና በማግሥቱ ልጅቱን ይዛ ሥራ ገባች። የተማሪ ድስት አይታችሁ ከሆነ አንድ ጎልማሳ ቁጭ ብሎ ይታጠብበታል። አለቃዋ ሜሮንን ከምድጃው አጠገብ ባያት ጊዜ፣ «ሁለተኛ ይህችን ልጅ እዚህ ካየሁ አንቺም እንዳትመጪ» አላት። እኔ ሰውየውን ልረግመው ፈልጌ ነበር፤ ምክንያት አጣሁ። እውነቱን ነው። የፈላ ወጥ ያለበት ቤት ልጅ አይገባም። እንዲህ ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ! የሚረገመው ሰው ልክ ሲሆን ቁጣው ማረፊያ ያጣል።

እንግዲህ ብርቱካን ከሥራዋ እንዳትወጣ፣ እኔም ከገበያዬ እንዳልወጣ፣ ሜሮን የምትውልበት ስፍራ መገኘት አለበት። ይህን ስናወጣ ስናወርድ ነው የማቆያው ወሬ የመጣው። ክልሉ ደንብ አውጥቷል፣ የሠራተኛ እናቶች ልጆች መንግሥት እየደጎመ በትንሽ ክፍያ የሚውሉበት የሕጻናት ማቆያ ተከፍቷል፣ ምንጣፍ አለው፣ ምሳ አለው፣ የምታስተኛ ሞግዚት አለችው ተባለ። ብርቱካን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ማቆያው ግቢው ውስጥ ወዳለው የመንግሥት ቢሮ ሄደች። ስትመለስ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች ነበር። ልጄ ነጠላ ካኘከች ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን አሉሽ?» አልኋት።

«አይሆንም አሉ።»

«ምነው?»

«ተይው እማዬ።»

«ምነው አልሁሽ እኮ።»

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው አሉኝ። ከእናቴ ጋር አልሁ። እንግዲያው ሥራ የሌላት አያት ቤት ካለች ልጅቱ ጠባቂ አላት፣ ቦታው ለሌለው ነው አሉኝ።»

«ሥራ ፈት ናት አሉኝ?»

«እንደሱ አላሉም።»

«ትርጉሙ ሌላ ነው?»

ብርቱካን ነጠላዋን ማኘክ ቀጠለች። እኔም ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ፤ በማግሥቱ የምሄድበት ነበረኝ።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው አቶ መልካሙ ይባላል። ቁጡ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ይህም አናደደኝ። ጨዋ ሰው መሞገት ከባድ ነው።

«እማማ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ሥራ ፈት ናት ተብያለሁ። ማን እንዳለኝ ልይ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ማን አለዎት?»

«አንተ ትመስለኛለህ።»

ትንሽ ሳቀ። የብርቱካንን ጉዳይ ስነግረው አስታወሰ። «እማማ፣ ደንቡ እኮ የኔ አይደለም፣ የክልሉ ነው። እናቱ ሥራ ላይ ላለች፣ ቤት ውስጥም የሚጠብቀው ሰው ለሌለው ሕጻን ነው የሚል። እናንተ ቤት ግን እርስዎ አሉ።»

«መኖሬን አልካድሁም።»

«እንግዲህ ሰው አለ ማለት ነው።»

«ሰውማ ነኝ። ግን ትችያለሽ ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ጥያቄ ወደ ጎን አስቀምጦ ሌላ ጠየቀኝ። «ሥራ አለዎት?»

«የጌሾና የብቅል ነጋዴ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ሄደህ ጠይቅ።»

«በየቀኑ ይሠራሉ?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። ሰውየው አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። አነጋገሩም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ይመስላል። በየቀኑ እሠራለሁ ብል በዓል የምትሽር ሴት ናት ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚህ ቢሮ ሥራ ፈት ተብዬ መውጣቱ ሳያንስ አረመኔ ተብዬ ልውጣ?

«በየቀኑ? ምነው ልጄ፣ ምን ሆኜ ነው በየቀኑ የምሠራው? ልደታን አልሠራ። ባዕታን አልሠራ። አቦን አልሠራ፣ ሥላሴን አልሠራ። ሚካኤልማ ከአባቴ ጀምሮ የምናከብረው ነው፤ ያን ቀን ሙቀጫውን ራሱ ዘቅዝቄ ነው የምውል። ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ገብርኤል አለ፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክልዬ፣ መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤል፣ በዓለ ወልድ...»

እሑድን ለእንዲህ ያለ ሰው መንገር ነውር መስሎኝ ተውሁት። አቶ መልካሙ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ነበር። ጣቱ ሲያልቅበት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች መደርደር ጀመረ። እኔ ጽድቄን እየቆጠረልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

«እማማ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ታዲያ መቼ ነው የሚሠሩት?»

«በመካከሉ።»

«እንግዲያው ብዙውን ቀን ቤት ነዎት።»

«ቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

«ከቅዳሴ መልስስ?»

«ቁጭ እላለሁ። በዓል አይደለም እንዴ?»

«ሸጋ ነዋ። ያን ጊዜ ሜሮንን ይይዛሉ።»

«በበዓል ሥራ አልሠራም አልሁህ እኮ።»

«ልጅ መያዝ ለአያት ሥራ አይደለም እማማ» አለኝ፣ እንደሚያጽናና ሰው ፈገግ ብሎ። «ደስታ ነው።»

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ወጣሁ። ደስታ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሜሮን አንገቴ ሥር ገብታ ስትተኛ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በምድር ላይ አላውቅም። ነገር ግን ሥራ ከሆነ ሰው ሊያሠራኝ ሲፈልግ መጥቶ ይጠይቀኛል፤ እችላለሁ ወይም አልችልም እላለሁ። ደስታ ከሆነ ማንም ሳይጠይቀኝ ይጭንብኛል፣ ከዚያ ደስ ይበልሽ ይለኛል። ያቺ አንዲት ቃል እስከ ማራኪ ድረስ አብራኝ ተሳፍራ መጣች።

ብርቱካን ወሬውን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እማዬ፣ ቅዱሳኑን ሁሉ እዚያ መጥራት ምን አመጣው?»

«ታዲያ ልካዳቸው?»

«አንዱን ሁለቱን ጠርተሽ ዝም አትዪም?»

«የትኛውን ልተው? አንቺ ምረጪ።»

መምረጥ አልቻለችም። ከታችኛው ቤት የምትኖር ወዳጃችን መጥታ ሌላ ብልሃት አመጣች፤ ቀሐ ሰፈር ካለችው እኅትሽ ቤት ገብቻለሁ በይ፣ ቤት አያት የለም ይባላል፣ ነገሩ ያልቃል አለች። እኔ በገዛ ቤቴ የለሁም ልበል? ሥራ የለሽም ሲሉኝ የተቆጣሁት ሴትዮ ጭራሽ አልኖርም ብዬ ልፈርም? አይሆንም አልሁ። ሥራዬን ካላመነ ሥራዬን ይየው አልሁ።

በማግሥቱ በዓል አልነበረም፤ ከሚገኙት አንዱ ቀን ነበር። ባጃጅ ጠርቼ ሙቀጫዬን፣ ዘነዘናዬን፣ አንድ ጆንያ የጌሾ ቅጠልና ሜሮንን ጫንሁ። ባጃጅ ነጂው ሙቀጫውን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አስከፈለኝ። ምንም አላልሁ። ሙቀጫ እንኳ እንደ ሰው በሚቆጠርበት ከተማ ለኔም ተስፋ አለ ብዬ ነው።

የቢሮው ጥበቃ አያ ፈንታ ይባላሉ፣ ካፖርታቸው ከሳቸው የሚሰፋ ሽማግሌ። ሙቀጫው ሲወርድ አይተው ከበሩ ተነሡ።

«እቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሠራ ነው አያ ፈንታ።»

«እዚህ?»

«ሥራዬ እዚህ ስላልታወቀ ነው።»

«ግቢ ውስጥ አይቻልም» አሉኝ። እሺ አልሁና ከአጥሩ ውጭ ተከልሁት። ሜሮንን አዘልሁ፣ ነጠላዬን አደገደግሁ፣ መውቀጥ ጀመርሁ። ነፋሱ በስተጀርባዬ እንደሆነ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አላየሁም ነበር። አቧራው አጥሩን ተሻግሮ በመስኮቶቹ ገባ። መጀመሪያ አያ ፈንታ አነጠሱ። ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባይዋ። ቀጥሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ተራ በተራ፣ እንደ ወረፋው። አንዷ እመጫት ልጇን በነጠላ ሸፍና ስትሸሽ ባየሁ ጊዜ ደንግጬ ሙቀጫውን ዞር አደረግሁት፤ ከሷ ጋር ጸብ የለኝም።

አቶ መልካሙ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ወጣ። «ምንድን ነው ይህ እማማ?»

«ሥራ» አልሁት።

ይህን ስል የተማመንሁበት ነገር ነበር። ሜሮን ታለቅሳለች፣ ታስላለች፣ ከጀርባዬ ልውረድ ብላ ትንፈራገጣለች፣ ሰውየው አይቶ ያፍራል። ቤት ስትሆን ይህን ሁሉ በየቀኑ ያለጥሪ ታደርገው የለም? ያን ቀን ግን ነፋሱ ወደ ቢሮው ስለሚነፍስ ለኛ አቧራ አልደረሰንም። ዘነዘናው ከፍ ዝቅ ሲል እንደ እሽሩሩ ሆነላት መሰለኝ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ድምፅ የሌለው እንቅልፍ ተኛች። ምራቋ በአንገቴ ይወርዳል። የቤቴ ልጅ ከኔ ጎን አልቆመችም።

ይባስ ብሎ ትኩስ የተወቀጠ ጌሾ የሸተታቸው ሴቶች ከወረፋው እየወጡ ይገዙኝ ጀመር። ለሰርግ ጠላ የምትጥል አንዲት ሴት የቀረውን በሙሉ ወሰደችው። እንደዚያ ያለ ገበያ ቀርቶኝ ነበር። ጆንያው ሲራገፍ አቶ መልካሙ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ እስካሁን ቆሟል።

«ጎበዝ እማማ» አለኝ። «ጌሾውም ተወቀጠ፣ ተሸጠ። ልጅቱም ተኛች። እኔ ያልሁት ይህንኑ አይደል?»

ሙቀጫዬን ጭኜ ተመለስሁ። ባጃጅ ነጂው ሌላ ነበር፤ ይኸኛው ሙቀጫውን እንደ ዕቃ ቆጠረው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስቀመጥ ልቤ ፈዞ ነበር። አንዲት በኔ ዕድሜ ያለች ሴት መጣች። ጀርባዋ ላይ ጉንጩ የሞላ፣ ቀይ ዘርፍ ያለው የክር ቆብ ያደረገ ወንድ ልጅ አዝላለች። ብቅሉን ቆነጠረች፣ አሸተተች፣ በጥርሷ ሰበረችና ራሷን ነቀነቀች። ብቅል የምታውቅ ሰው ናት አልሁ በልቤ። ልጁ ደግሞ ከጀርባዋ ሆኖ ነጠላዬን ያዘና አልለቅ አለ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ውብአለም ትባላለች፤ አገሯ አዲ አርቃይ ነው።

«ከዚያ ድረስ ምን አመጣሽ?» አልኋት።

«ልጄ ነዋ። ቢሮ ነው የሚሠራ፤ ሚስቱ ነርስ ናት። ናሆምን ለአንድ ወር ብቻ ያዥልን ብለው ወሰዱኝ። ጤፌን ቆሞ ነው የተውሁት። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ደግሞ ተዘርቶ አሁን ሊታጨድ ነው።»

«ወሩ አላለቀም?»

«የሱ ወር አያልቅም» አለችኝ።

ከፊቴ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት። ገበያተኛውን ትቼ ስሰማት ዋልሁ። በደሏ የኔው ነው፣ ካፖርቱ ብቻ ይለያል። ከሁሉ የከነከናት ግን ማኅበሯ ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። ጽዋውን ያነሣች ሰው በወሯ ጠላና ዳቦ አዘጋጅታ ማኅበርተኛውን በቤቷ ማብላት ማጠጣት አለባት፤ የእቴ ውብአለም ተራ የኅዳር ሚካኤል ላይ ወድቋል። ለልጇ ስትነግረው፣ አንድ ሰው ይተካልሽ ብሏታል።

«ጽዋ በሰው ይተካል?» አለችኝ።

«ይተካ እንደሆነ እሱ ሄዶ ያብላቸዋ» አልሁ። «ለመሆኑ ስትመጪ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠይቆሽ ነበር?»

አሰበች። ብዙ አሰበች። «ማኪና ነው የላከልኝ» አለች።

«ማኪና መላክ መጠየቅ አይደለም።»

«ናሆምስ? ማን ይይዘዋል?»

«አባት የለውም?»

እቴ ውብአለም ይህ ነገር ከዚህ ቀደም ታይቷት የማያውቅ መሆኑን ከፊቷ አየሁ። ቀስ ብላ ብቅሉን እንደገና ቆነጠረች። «ጠላው እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል» አለች። «ለሚካኤል እንዲደርስ ከነገ ወዲያ መሄድ አለብኝ። መንገዱም ክፍት ነው ብለዋል።» ከዚያ ብቅሉንም ጌሾውንም ገዛችኝ። ለራሴ ካስቀመጥሁት፣ ከምርጡ ሰጠኋት። ናሆም ነጠላዬን እንዲለቅ ሁለት ሰው አስፈለገ።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሙቀጫዬን ዘቀዘቅሁ፣ አስቀደስሁ፣ ጠበል ጠጣሁ። ሜሮንን ያን ቀን የታችኛዋ ወዳጃችን ያዘችልኝ፤ ጠይቄያት፣ እሺ ብላኝ ነው። በሚካኤል ቀን ሥራ ባልሠራም አቤት ማለት አልተከለከለም ብዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቢሮው አመራሁ። አያ ፈንታ ሲያዩኝ አስቀድመው መሀረባቸውን አወጡ።

«ዛሬ ባዶ እጄን ነኝ» አልኋቸው።

«ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። «ዛሬ ውስጥ ያለው ከጌሾ ይብሳል።»

ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። አቶ መልካሙ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ አንድ ወፍራም ልጅ አለ። የልጁ ከንፈር በማኅተም ቀለም ሰማያዊ ሆኗል። የሰውየው ክራባት ጫፉ ርሷል፣ ሸሚዙ ላይ የተፈጨ ሙዝ አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት እስክሪብቶዎች ወለል ላይ ናቸው። ልጁ ቀና ሲል ቀይ ዘርፉን አየሁ።

ናሆም።

እሱም አወቀኝ። እጁን ዘርግቶ «አያ፣ አያ» የሚመስል ነገር አለ። እኔ ደግሞ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥሁ።

«የማን ልጅ ነው?» አልሁ፣ እያወቅሁት።

«የኔ ነው እማማ» አለኝ በደከመ ድምፅ። «ሚስቴ ሆስፒታል ተረኛ ናት። እናቴ ነበረች የምትይዘው፤ ማኅበር አለብኝ ብላ አገሯ ገባች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ መክራት ነው አለችኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ብቅሉንም የደፋሁት ማን ያውቃል ብዬ አይደለም።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አልሁት።

ቀና ብሎ ብዙ ተመለከተኝ። «ጌሾውንም እርስዎ ነዎት የሸጡላት?»

«ከምርጡ ነው የሰጠኋት። ጠላዋ ሸጋ ይወጣል።»

ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ ሳይወስን ናሆም ክራባቱን ሳበው። እኔም ያልገባኝን ጠየቅሁት። «ማቆያው እኮ እዚሁ ግቢህ ውስጥ ነው። ምነው እዚያ አላዋልኸው?»

«አይቻልማ። ደንብ ነው። ልጁ ቤት አያት አለችው።»

«የታለች?»

ጭኑ ላይ ያለውን ልጅ አየ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ያን ጊዜ ራራለት። ለገዛ ልጁ እንኳ አላዳላም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያልጠየቀው ሰው ብዙ ነው እንጂ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «እኛስ ዛሬ እንስተናገዳለን?» አለች። ሌላዋ፣ «ዝም በይ፣ ይህን እንስማ» አለቻት።

አቶ መልካሙ ናሆምን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደኔ ዘረጋው። «እማማ፣ እባክዎ፣ ይህን ወረፋ እስካስተናግድ ድረስ ይያዙልኝ።»

ናሆም በአየር ላይ እግሩን እያወራጨ ወደኔ ሳቀ። እጄ ራሱ ሊሄድ ነበር። እጄን ነጠላዬ ሥር ወሸቅሁት፤ ከኔ ተለይቶ ሲኖር ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«ዛሬ ሚካኤል ነው ልጄ» አልሁት። «በሚካኤል ሥራ አልሠራም።»

«ይሄ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ይሄ እኮ ምን?»

ዝም አለ። ወረፋውም ዝም አለ። አያ ፈንታ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

እሱ ዝም ባለበት ጊዜ የዛሬውን ልንገራችሁ፤ ረጅም ዝምታ ስለነበረ ይበቃናል። ዛሬ ሜሮንና ናሆም አንድ ምንጣፍ ላይ ይውላሉ። ሞግዚቷ እንደነገረችኝ ሜሮን ትራሶቹን እየደረደረች ድንጋይ ትጭንባቸዋለች፤ ብቅል ማስተኛቷ መሰለኝ። ብርቱካን ወጥ ቤቷን አልለቀቀችም፤ እንዲያውም አለቃዋ ሰላም ይለኛል። ማታ ሜሮን ስትመጣ አንገቴ ሥር ትገባለች፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ ጠይቃኝ ነው፣ እጇን ዘርግታ። እቴ ውብአለም ማኅበሯን አብልታ አጠጥታ ጤፏን እያሳጨደች ነው። ትመጪልኝ እንደሆነ ብሎ ልጇ ደውሎ ጠይቋታል አሉ፤ አስብበታለሁ ብላዋለች። እስካሁን እያሰበችበት ነው።

እንግዲህ ወደ ዝምታው ልመልሳችሁ። አቶ መልካሙ ናሆምን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሸሚዙን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ወረፋውን አየ።

«ሰኞ ሜሮንን ይዘዋት ይምጡ» አለኝ። «ደንቡ የሚጠብቀው ሰው ለሌለው ነው የሚል፤ ጌሾ ስትወቅጥ የምትውል አያት ጠባቂ ናት አይልም። በዚሁ አጸድቄ እልከዋለሁ። ለናሆምም እንዲሁ አደርጋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት። ከወንበሬ ግን አልተነሣሁም። «የጠየቅሁህን አልመለስህልኝም።»

«ምን ጠየቁኝ?»

«ልጅ መያዝ ምንድን ነው?»

ናሆም ማኅተሙን አንሥቶ የአባቱ ግንባር ላይ መታው። ወረፋው በሙሉ አየ፤ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል።

«ሥራ ነው፣ እማማ» አለኝ።